ሁለት እውነት፣ አንድ ሐሰት

«ማሽን አይዋሽም» የምትለዋን አባባል ማን እንደጀመራት አላውቅም። ሚዛን አይዋሽም፣ የመብራት ቆጣሪ አይዋሽም፣ ቴርሞሜትር አይዋሽም ስንል ኖረን ይኸው ኮምፒውተር ላይ ደርሰናል። እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ስላት ኖሬአለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ይህችኑ አባባል ይዤ አንድ ምንም ያላደረገኝን ሰው በሰው ፊት አዋረድኩ። ነገሩ ካለፈ ወራት ቢቆጠሩም ከሆዴ አልወጣልህ ብሎኛልና እስቲ ላውጋችሁ።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ስለሆነ ላፕቶፕ ያስፈልገዋል ተባለ። አዲስ ለመግዛት የቤቱ አቅም አልፈቀደምና ያገለገለ ፍለጋ መገናኛ ሄድን። ልጁ በኮምፒውተር ነገር የበሰለ ነው፤ ቢያንስ እኛ ቤት የሚባለው እንደዚያ ነው። በኪሱ አንዲት ፍላሽ ይዟል። በፍላሿ ላይ ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ። የሚሸጠው ማሽን ውስጥ ያለውን ነገር ሳይነካ በዚያች ፍላሽ ያስነሣዋል፤ ከዚያ ማሽኑን ራሱን ስለራሱ ይጠይቀዋል። ያየው ሱቅ ሁሉ እንዲህ እያደረገ ሦስቱን ጥለን አራተኛው ዘንድ ደረስን።

ባለሱቁ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ዝግተኛ ሰው ነው። «ሚሞሪው ስምንት ጊጋ ነው» አለን። ልጁ «ጋሼ፣ ልየው?» ብሎ አስፈቀደ፤ ሰውየውም «እይ፣ የኔ ልጅ» ብሎ ወንበር ሳበለት። ፍላሿ ተሰካች፣ ማሽኑ ተነሣ፣ ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ። ተርሚናል ይሉታል። ሥዕል የለበት፣ ጌጥ የለበት፤ ጥያቄን በጽሕፈት ይቀበላል፣ መልስን በጽሕፈት ይሰጣል። ልጁ «ፍሪ» የምትል አንዲት ቃል ጻፈ። ያለህ ሚሞሪ ስንት ነው፣ ምን ያህሉስ ነጻ ነው እንደማለት ነው። መልሱ ከዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ መጣ፤ ጠቅላላው 5.7 ጊጋ።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሰውየው ዞርኩ።

«እርስዎ ስምንት ብለውናል፤ ማሽኑ ራሱ ግን አምስት ነጥብ ሰባት ይላል።»

«ስምንት ነው፣ ወንድሜ። እኔ ነኝ በእጄ የከተትኩት።»

«ታዲያ ሁለቱ ጊጋ የት ገባ?»

«እሱን አላውቅም። ስምንት ነው።»

በሱቁ ውስጥ ሌሎች ሁለት ገዢዎች ነበሩ። አንደኛዋ በእጇ የነበረውን ቻርጀር ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች። ይህንን አይቻለሁ፤ አይቼም አፌን አልያዝኩም። «በዚህ ዕድሜዎ ከልጅ የትምህርት ገንዘብ ላይ ይቀንሳሉ?» አልኩት።

ሰውየው አልመለሰልኝም። ማሽኑን አጠፋው። ከመሳቢያው ካቻቢቴ አወጣ፣ ላፕቶፑን በሆዱ ገለበጠና ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ በአንዲት የሻይ ማስቀመጫ ላይ ደረደራቸው። የጀርባ ክዳኑን አነሣ። ሁለት የሚሞሪ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ 4 ጊጋ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አራትና አራት።

«ስምንት ነው» አለ፣ ለአራተኛ ጊዜ።

ይቅርታ ጠየቅኩ። ተቀበለኝ፤ ወይም የተቀበለ መሰለ። ላፕቶፑን በጠራው ዋጋ፣ አንዲት ብር ሳንከራከር ገዝተን ወጣን። ያለመከራከሬ የካሳ ያህል መስሎኝ ነበር።

ማታ ልጁ ነገሩን አጣርቶ ነገረኝ። ያ ማሽን በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራለት የተለየ ካርድ የለውም፤ ሥራውን የሚሠራው እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ክፍል ነው። ያ ክፍል የራሱ ሚሞሪ ስለሌለው፣ ማሽኑ ገና ሲነሣ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ከስምንቱ ጊጋ ሁለቱ ተቆርጠው ለእሱ ይሰጡታል። ሊኑክስ ሲነቃ የሚረከበው ስድስት ነው። ከስድስቱም ከርነል የሚባለው የሲስተሙ እምብርት ለራሱ ጥቂት ያነሣል። የቀረው 5.7 ነው። እንግዲህ ማሽኑ አልዋሸም። ሰውየውም አልዋሸም። ታዲያ በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያህል የኖረው ሐሰት የማን ነበር?

«የማንም አልነበረም፤ ስሕተት ነው» የሚለኝ ይኖራል። እኔ ግን ቶሎ እጄን አልሰጥም። ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት ቻርጀሩን ባልመለሰች ነበር። አንድ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ሌባ ሆኖ ቆሟል፤ ሌባ ያደረገው ቃልም ከአንድ አፍ ወጥቷል። ያ አፍ የእኔ ነው። ነገር ግን አፌ ያን ጊዜ «እኔ እላለሁ» አላለም፤ «ማሽኑ ራሱ ይላል» ነው ያለው። ምስክር ጠርቼ ነበር። እስቲ ስለዚህ ምስክር ትንሽ እናውራ።

ከማሽን ጋር በጽሕፈት መነጋገር አሮጌ ወግ ነው። ዩኒክስ የተባለው ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪስ ሲጀመር፣ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ከማሽናቸው ጋር የሚነጋገሩት ጥያቄውንም መልሱንም በወረቀት ላይ በሚያትም የጽሕፈት መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ተማሪ ሊኑክስን ሲያወጣ ይህንኑ አነጋገር ወረሰ። ወረቀቱ ቀርቶ ጥቁር መስኮት መጣ እንጂ ወጉ ያው ነው፤ አጭር ጥያቄ፣ አጭር መልስ። ሐተታ የለም፣ «ይኸውም እንዲህ ለማለት ነው» የሚል ማብራሪያም የለም።

በሊኑክስ ውስጥ «ፕሮክ» የሚባል ፎልደር አለ። ሐሳቡ ከዚያው ከቤል ላቦራቶሪስ የፈለቀ ሲሆን፣ ቶም ኪሊያን የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1984 በጽሑፍ አቅርቦታል። ወደዚህ ፎልደር ገብተው የፋይሎቹን መጠን ቢያዩ አብዛኛው ዜሮ ነው። ባዶ ነው ማለት ነው። አንዱን ከፍተው ቢያነቡት ግን ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል። መልሰው መጠኑን ቢያዩ አሁንም ዜሮ። ለካስ ፋይሉ በዲስኩ ላይ ጭራሹኑ የለም! የጠየቀ ሰው ከሌለ መልሱም የለም። አንድ ሰው ሲጠይቅ ከርነሉ በዚያችው ቅጽበት ይጽፍና ያቀርባል። የእህቴ ልጅ «ፍሪ» ብሎ ሲጽፍ ትእዛዙ ሄዶ የሚያነበው ከእነዚህ ባዶ ፋይሎች አንዱን ነው።

ይህን ስሰማ ገርሞኛል። እኔ የማሽን እውቀት በአንድ ቦታ በመዝገብ ተጽፎ የተቀመጠ፣ ጥያቄው መዝገቡን ብቻ የሚገልጥ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ወደ ሰው ይቀርባል። መንገድ ላይ ያገኘነውን ሰው «እንዴት ነህ?» ስንለው፣ ጥያቄው እስኪመጣ ድረስ እንዴት እንደሆነ በቃል አልያዘውም። ልዩነቱ እኛ ሳንመረምር «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለታችን ነው። ማሽኑ ግን በተጠየቀ ቁጥር በእርግጥ ቆጥሮ ይመልሳል።

ነገር ግን የሚቆጥረው ማን ነው? እኛ «ማሽኑ አለ» እንላለን እንጂ የሚመልሰው ከርነሉ ነው። ከርነል የጎተራ ጠባቂ ማለት ነው። የጎተራ ጠባቂን «ስንት ኩንታል አለ?» ብለው ቢጠይቁት የተረከበውን ይነግርዎታል። ከአውድማ ወደ ጎተራ ሳይገባ የተነሣውን እህል አያውቀውም፤ ቢያውቀውም የእሱ ሒሳብ አይደለም። «ስድስት ኩንታል» ቢልዎ እውነቱን ነው። ያንን ይዘው ገበሬውን «ስምንት አመረትኩ ብለህ ዋሽተሃል» ቢሉት ግን ጠባቂው በጉዳዩ ውስጥ የለበትም። ጥያቄውን ለማን እንዳቀረቡት የዘነጉት እርስዎ ነዎት።

እዚህ ላይ አንድ የማልተወው ነገር አለ። ይህችው «ፍሪ» የምትባል ትእዛዝ ብዙ ሰው አስደንግጣለች። ሊኑክስ ሥራ ፈት ሆኖ የተቀመጠ ሚሞሪ አይወድም፤ ከዲስክ ያነበበውን ነገር ምናልባት ዳግመኛ ይፈለግ ይሆናል ብሎ በባዶው ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ቦታው ሲፈለግም ወዲያው ይለቃል። በዚህ የተነሣ «ነጻ» የሚለው ዓምድ ሁልጊዜ ሊያልቅ የደረሰ ይመስላል። ጤነኛ ማሽን የታመመ መስሏቸው ተጨማሪ ሚሞሪ ለመግዛት የሮጡ አሉ። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ ሰዎቹ ሊያውቁት የፈለጉት ግን «ባዶው ስንት ነው?» ሳይሆን «ብፈልግ የማገኘው ስንት ነው?» የሚለውን ነበር። ይህን ሁለተኛ ጥያቄ የሚመልስ መስመር በከርነሉ ውስጥ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሊኑክስ ከተወለደ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው! እስከዚያ ድረስ ትክክለኛውን መልስ ለሌላ ጥያቄ መልስ አድርገን ስንወስድ ኖርን።

ከከርነሉ ሌላ ሁለተኛ ምስክር አለ። ልጁ ያን ዕለት ማታ የጠራው እሱን ነው። አምራቹ ለማሽኑ የሚያዘጋጅለት ሠንጠረዥ አለ፤ የማሽኑ ስም፣ ሞዴል፣ ተራ ቁጥር፣ ስንት የሚሞሪ ቦታ እንዳለውና በየቦታው ምን እንደተሰካ ይነበብበታል። የልደት ወረቀት ነው ብንል ያስኬዳል። «ዲኤምአይ ዲኮድ» የምትባለው ትእዛዝ ይህን ወረቀት ታነባለች። በእኛ ማሽን ላይ አራትና አራት ብላ ሰውየውን ነጻ አወጣችው፤ ዘግይታም ቢሆን።

ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን የዚህች ትእዛዝ መመሪያ ራሱ ምን እንደሚል ልጁ አነበበልኝ። በሠንጠረዡ ላይ የሚገኘው ነገር ብዙ ጊዜ ጎደሎ ወይም ስሕተት ነውና ተጠንቀቁ ይላል። ምክንያቱም ሠንጠረዡን የሚሞላው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሰለቻል። በዓለም ላይ ስማቸውን ሲጠየቁ «በአምራቹ የሚሞላ» ብለው የሚመልሱ እጅግ ብዙ ኮምፒውተሮች አሉ። ባዶ ቅጹ ሳይሞላ ከፋብሪካ ወጥቶ ነው። ተራ ቁጥርህ ስንት ነው ሲባሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… እያሉ እስከ ዘጠኝ የሚቆጥሩም አሉ። በየቢሮው «ለቢሮ አገልግሎት ብቻ» የሚለው ባዶ ሣጥን እንዳለ ተፈርሞበት ማኅተም ሲመታበት ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና ስለ ስም ካነሣን አይቀር… በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። ዋሸች? አልዋሸችም። ፈረስ አጎቷ ነው። ብቻ አልተጠየቀችም። ይህች በቅሎ ፕሮሰሰር ውስጥ ገብታ አግኝቻታለሁ። ማንኛውም የዚህ ዓይነት ፕሮሰሰር «ማነህ?» ሲባል በአሥራ ሁለት የላቲን ፊደላት እንዲመልስ ተደርጎ ይሠራል። የኢንቴል ፕሮሰሰር «እውነተኛው ኢንቴል» ይላል። የተፎካካሪው የኤኤምዲ ደግሞ «ትክክለኛው ኤኤምዲ» ይላል። ስምህን ሲሉት «እውነተኛው እገሌ» ብሎ የሚመልስ ሰው ቢያጋጥመን ቦርሳችንን ጠበቅ አድርገን የምንይዝ ይመስለኛል። ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ፕሮሰሰር ግን ሴንቶር የሚል ስም ያለበት መልስ ነበረው። ሴንቶር በግሪኮች ተረት ወገቡ ላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፈረስ የሆነው ፍጡር ነው። በቅሎዋ ብትሰማ ዘመዴ ነው ባለች።

ቀልዱን ትተን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። የዚህ የቪያ ፕሮሰሰር አንዱ ዓይነት፣ ናኖ የሚባለው፣ መልሱ በፕሮግራም ሊለወጥ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ የቴክኒክ ጋዜጠኛ ሙከራ አደረገ። ፕሮሰሰሩን ሳይነካ፣ ፍጥነቱን ሳይጨምር፣ ስሙን ብቻ ለወጠና በአንድ በታወቀ የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ፈተነው። «እውነተኛው ኢንቴል ነኝ» እንዲል ሲደረግ በሚሞሪ ፈተና ያገኘው ነጥብ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ጭማሪ አሳየ። ያው አካል፣ ያው ጉልበት። ጠያቂው ፕሮግራም «ምን ትችላለህ?» ማለት ሲገባው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ጠይቆ እንደ መልሱ መንገዱን ይመርጥለት ነበር ማለት ነው። ኢንቴል የሚያወጣው የፕሮግራም መተርጎሚያም የዚህ ዓይነት አሠራር እንዳለበት ብዙ ተነግሮ፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ከኩባንያው ጋር ባደረገው ስምምነት ኩባንያው ይህንን ለደንበኞቹ ግልጽ እንዲያደርግ ታዟል። «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ተጠይቆ እንደ መልሱ ወንበር የተሳበለት ወይም ያልተሳበለት አንባቢ ይህንን ለመረዳት ኮምፒውተር ማወቅ አያሻውም።

እዚያው ሊኑክስ ውስጥ ግን ስለራሱ የማይኮራ አንድ ቁጥር አለ። ማሽኑ ሲነሣ የሚለካት የፍጥነት ቁጥር ነች፤ ሊነስ ቶርቫልድስ «ቦጎሚፕስ» ብሎ ሰየማት። «ቦጎ» የተወሰደው ሐሰተኛ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አንድን ፕሮሰሰር ከሌላው ለማወዳደር አትረዳም፣ ለዚያ እንዳትታመንም በስሟ ላይ ተጽፎባታል። ሐሰተኛ ነኝ ብላ የምትመሰክር ቁጥር ሐሰተኛ ናት ወይስ እውነተኛ? ፈላስፎች የሚጣሉበትን እንቆቅልሽ ፕሮግራመሮች ለጨዋታ አስገቡት።

የራስ ምስክርነት ነገር ከማሽን በፊትም ያወዛገበ ነው፤ በአገራችንም። የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ስለራሱ ይመሰክራል፤ ደራሲዬ በአክሱም አካባቢ የተወለደ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የጻፈኝ ሰው ነው ይላል። ጽሑፉ ለዓለም የታወቀው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ኢጣሊያዊ ሚስዮናዊ እጅ አልፎ ነው። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 «የጻፈው ራሱ ሚስዮናዊው ነው» ብሎ ተነሣ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ ለዘርዐ ያዕቆብ ቆሙ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እኔ የምፈርድበት ሊቅ አይደለሁም። የሚገርመኝ ግን መጽሐፉ ራሱ የሚያስተምረው የሰውን ምስክርነት እንዳለ አትቀበሉ፣ መርምሩ ብሎ መሆኑ ነው። ምክሩን ከሰማን መጀመሪያ የምንመረምረው የሽፋኑን ስም ነው። ስሙ ቢወድቅ እንኳ ምክሩ አብሮ ይወድቃል? የናኖን ፕሮሰሰር ስም ሲለውጡት ጉልበቱ አልተለወጠም ብያለሁና እዚህም ሌላ ማለት ያስቸግረኛል።

ምስክሩን ይህን ያህል ካየን ጠያቂውንም እንይ። ማሽን ለሁሉም ጠያቂ እኩል አይመልስም። በሊኑክስ ላይ ተራ ተጠቃሚ የማሽኑን ሞዴል ማየት ይችላል፤ ተራ ቁጥሩን ግን ይከለከላል። ያንን የሚያነበው «ሩት» የሚባለው፣ ሥር እንደማለት፣ ሁሉ የተፈቀደለት ባለሥልጣን ብቻ ነው። ይህ ዝም ብሎ የመጣ ጥንቃቄ አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1999 ፔንቲየም 3 በተባለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ማንኛውም ፕሮግራም ሊያነበው የሚችል መለያ ቁጥር አስገብቶ ነበር። የግል ሕይወት መብት ተሟጋቾች «ሰውን በቤቱ ቁጥር ለጠፋችሁበት» ብለው ጮኹ፣ ዕቃውን አትግዙ አሉ፤ በኋላ በወጡት ፕሮሰሰሮች ላይ ቁጥሩ ቀረ። እውነተኛ መልስም ለማይገባው ጠያቂ ሲሰጥ በደል ይሆናል ማለታቸው ነበር።

ከትእዛዞቹ ሁሉ የምወዳት ደግሞ «ሁ አም አይ» የምትለዋ ናት። «እኔ ማን ነኝ?» ማለት ነው። ሰው ይህን ጥያቄ ይዞ ገዳም ይገባል፤ ማሽኑ ግን በአንድ ቃል ይገላግልዎታል። የሚነግርዎ በየትኛው ስም ገብተው እየሠሩ እንደሆነ ነው፤ በሩት ሥልጣን ሆነው ቢጠይቁ «ሩት» ይልዎታል። ማን እንደሆኑ ሳይሆን ምን እንደተፈቀደልዎ። እኔ ያን ዕለት በሱቁ ውስጥ ብጠይቃት ምን ትለኝ ነበር? ያን ጊዜ የገባሁበት ስም «ገዢ» ነበር፤ ራሴን ግን ዳኛ አድርጌ ነበር የቆምኩት።

ይህን ሐሳብ ለእህቴ ልጅ ስነግረው በቀላሉ አልተቀበለኝም። «አጎቴ፣ እንደዚያ ከሆነማ ሚሞሪው በእርግጥ ስድስት ቢሆን ኖሮስ? ሰውየው ያኔም ‘ስምንት ነው’ ይል ነበር። ባንጠይቅ ኖሮ እንታለል ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። በገበያ መጠርጠር ኃጢአት አይደለም። ላያቸው ላይ 1 ቴራ ተብሎ የተጻፈባቸው፣ ኮምፒውተሩም ሲጠይቃቸው 1 ቴራ ነን የሚሉ፣ ውስጣቸው ግን ጥቂት ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሾች በየአገሩ ይሸጣሉ። እነዚህ እንኳን ሻጩ፣ ዕቃው ራሱ እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ነው። መፍትሔው መጠየቅ አይደለም፤ ጢም አድርጎ መሙላትና የሞሉትን መልሶ ማንበብ ነው፤ ለዚህም የተሠሩ ትእዛዞች አሉ። ጭነው ያዩታል፤ ካልቻለ ይለያል።

ስለዚህ መጠየቃችን አላሳፈረኝም። ሰውየውም አልከፋውም ነበር፤ ወንበር የሳበው እሱ ነው። የከፋው በኋላ ነው፣ «5.7» ከሚለው ቁጥር ተነሥቼ «በዚህ ዕድሜዎ» ወደሚለው ቃል ስሻገር። በሁለቱ መካከል ማሽን የለም። ማሽኑ «ሰውየው ቀንሷል» አላለም። ያንን ድልድይ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሠርቼም ስሙን «ማሽኑ ራሱ» አልኩት። «እንዲህ የሚለው ለምን ይሆን?» ብል ኖሮ ምን እከስር ነበር? ካቻቢቴው እንደሆነ በመሳቢያው ውስጥ ነበር።

ሌላም አለ። ከሦስታችን መካከል ሚሞሪውን በእጁ የነካው ሰውየው ብቻ ነበር። «እኔ ነኝ በእጄ የከተትኩት» ሲል የዓይንና የእጅ ምስክርነት መስጠቱ ነው። ሰምቼዋለሁ። ግን ከዚያ በፊት ማሽኑን ከአሥር ጊዜ በላይ ጠይቀነዋል፤ አንድ ጊዜም አልተቀየመንም። ማሽን መቶ ጊዜ ቢጠየቅ በመቶኛውም እንደ መጀመሪያው ይመልሳል። እንዲህ ካለው ጋር ውሎ ያመሸ ሰው፣ ሰውንም በዚያው አፍ ይጠይቃል። ሰው ግን ሁለተኛው «ስምንት ነው» ላይ ፊቱ ይለወጣል፣ በሦስተኛው ድምፁ ይቀንሳል። በአራተኛው የተናገረው ከአፉ ይልቅ እጁ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ ወደ ሱቁ ገባሁ። የሚያስፈልገኝ ነገር አልነበረም፤ ማውዝ ስጠኝ አልኩት። «ስጡኝ» ማለት ሲገባኝ አፌ እንደ ዘመድ አንተ አለው። መነጽሩን አድርጎ አየኝ፣ አወቀኝ።

«ማሽኑ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው። ልጁ ይዞት ሄዷል።»

ማውዙን በፌስታል ከተተና መልሴን ቆጠረ። ብሮቹን በእጄ ላይ እያኖረ፣ «አሁንም አምስት ነጥብ ሰባት ይላል?» አለኝ።

«ይላል» አልኩት።

«ይበላ» አለና የሚቀጥለውን ደንበኛ አየ።